ከኮከቡ በፊት የነበሩት ደብዳቤዎች

ስለ ዘመኑ የፖርቱጋል ምግብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩት ከሼፍ ዡዜ አቪሌዝ ነው። በሊዝበን ሺያዶ ሰፈር የሚገኘው ቤልካንቶ የተባለው ምግብ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛውን የሚሽሊን ኮከብ አገኘ። ከዚያ በፊት በከተማዋ ባለ ሁለት ኮከብ ምግብ ቤት ስላልነበረ፣ ያንን ዓመት የአዲሱ ምግብ ልደት አድርገው የሚቆጥሩት ጥቂት አይደሉም። እኔ ግን ልደቱን ራቅ አድርጌ ወደ ኋላ እወስደዋለሁ። ለእኔ የሚጀምረው ሥራ ከጀመረ ብዙም ባልቆየው የፖርቱጋል ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ከቆሙ አንዲት መምህርት ነው።

ማሪያ ደ ሉርደስ ሞዴስቱ ይባላሉ። በ1930 በደቡብ ፖርቱጋል፣ በአሌንቴዡ ክልል፣ ቤዣ ከተማ ተወለዱ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1958 የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ፤ ከዐሥር ዓመት በላይም ቀጠሉበት። ያ ዘመን አምባገነኑ ሳላዛር አገሪቱን የሚገዛበት፣ ገጠሬው በድህነት ተገፍቶ ወደ ፈረንሣይ የሚሰደድበት፣ የሊዝበን ትልልቅ ሆቴሎችም የፈረንሣይ ምግብ የክብር ምግብ ነው ብለው የሚያምኑበት ነበር። ወይዘሮ ሞዴስቱ ግን ተመልካቾቻቸውን አንድ ነገር ለመኑ፤ በየአካባቢያቸው የሚበላውን ምግብ፣ አሠራሩን ጽፈው እንዲልኩላቸው። ሰዉም ጻፈ። ከሰሜኑ ተራራ፣ ከደቡቡ የስንዴ ሜዳ፣ ከባሕር ዳርቻው ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር።

እሳቸው ይህን ሁሉ ሰብስበው፣ እያጣሩና እየሞከሩ ብዙ ዓመት ፈጁበት። በ1982 የፖርቱጋልን ባህላዊ ምግብ በየክልሉ ከፋፍሎ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2022 በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ሲያርፉ መጽሐፉ አሁንም በየመደብሩ ይሸጥ ነበር። እኔ በምሠራበት የሊዝበን ምግብ ቤት ሽፋኑ በዘይት የወዛ፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ቅጂ ከቅመም መደርደሪያው በላይ ተቀምጧል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ስለ አንድ ሾርባ ሲከራከሩ መጀመሪያ የየራሳቸውን አያት ይጠቅሳሉ፤ ቀጥሎ ስልካቸውን ያወጣሉ፤ በመጨረሻ ግን አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ መጽሐፉን ያወርዳል። ክርክሩም እዚያ ላይ ይቆማል።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የፖርቱጋል የየክልሉ ዘመናዊ ምግብ የመጀመሪያ ባለቤቶች እነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ናቸው። ሼፎቹ ሁለተኛ ናቸው። ሁለተኛ መሆን ውርደት አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዕዳ ገና አልተከፈለም፤ የሚከፈልበትም ጊዜ እያለፈ ነው።

አቪሌዝን የማከብረው ይህን ቅደም ተከተል በሕይወቱ ስላሳየ ነው። በ1979 ከሊዝበን ብዙም በማትርቀው የባሕር ዳር ከተማ፣ ካሽካይሽ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምግብ አብሳይ ልሁን ብሎ አልነበረም፤ የተማረው የንግድ ኮሙኒኬሽን ነው። በትምህርቱ መጨረሻ ዓመት ስለ ፖርቱጋል ምግብ ማንነት ጥናት ሲሠራ ወደ ወይዘሮ ሞዴስቱ ሄደ፤ እሳቸውም መሪው ሆኑ። ከዚያ በኋላ ነው ሽርጥ የታጠቀው። በትውልድ ከተማው አጠገብ በባሕሩ አፋፍ ላይ ባለው ፎርታሌዛ ዱ ጊንሹ ሠራ፤ በፈረንሣይ በሼፎቹ በአላን ዱካስና በኤሪክ ፍረሾን ዘንድ ተለማመደ፤ በስፔን ደግሞ የሼፍ ፌራን አድሪያን ምግብ ቤት፣ ኤል ቡሊን አየ። በ2008፣ ገና ሠላሳ ሳይሞላው፣ ከ1784 ጀምሮ የኖረው የሊዝበኑ ታቫረሽ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ተሰጠው፤ በማግስቱ ዓመትም ኮከብ አስገኘለት።

የብዙ ሼፎች ጉዞ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሰው አገር ጥበብ ይማራሉ፤ ፓሪስ ይሄዳሉ፤ ኋላ ስም ሲያገኙ የእናታቸው ድስት ትዝ ይላቸዋል፤ ያኔ ግን የሚያዩት በፓሪስ ዓይን ነው። የገበሬ ምግብ ከፍ መደረግ ያለበት ነገር ይመስላቸዋል። አቪሌዝ ግን ወደ ፓሪስ የሄደው ጥያቄውን ይዞ ነው፤ የአገሬ ምግብ ምንድን ነው ብሎ አስቀድሞ ጠይቋል፤ መልሱን ከሚያውቁት ሴት እግር ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ከኤል ቡሊ ያመጣው ዘዴ ለዚያ ጥያቄ አገልጋይ ሆነ እንጂ ጌታ አልሆነም።

በ2011 ካንቲኙ ዱ አቪሌዝ የሚባለውን ቀለል ያለ ቤቱን ከፈተ። በ2012 ደግሞ ቤልካንቶን ተረክቦ አድሶ ሥራ አስጀመረ። ቤልካንቶ አዲስ ቤት አልነበረም፤ ከሳን ካርሉሽ ኦፔራ ቤት ፊት ለፊት በ1958 የተከፈተ ነው። ወይዘሮ ሞዴስቱ ቴሌቪዥን ላይ በወጡበት ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያው በ2012 አንድ ኮከብ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው መጣ። ዛሬ ብዙ ምግብ ቤቶች አሉት፤ ዱባይም ድረስ ታሽካ የሚባል ከፍቷል። ስለ ማስፋፋቱ የምለው ብዙ የለኝም፤ ሰው በሙያው ቢሰፋ ደግ ነው።

በቤልካንቶ ገበታ ላይ በወርቅ ቅጠል የተሸፈነ እንቁላል ይቀርባል፤ የወርቅ እንቁላል ስለምትጥለው ወፍ ከሚነገረው ተረት የተወለደ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን የባይራዳው አሳማ ነው። ባይራዳ ከኮይምብራ አጠገብ ያለ አካባቢ ሲሆን፣ ጡት ያልጣለ የአሳማ ግልገል በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ተቀብቶ በእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ቆዳው እንደ ብስኩት ይሰበራል። አቪሌዝ ይህን ወስዶ በራሱ መንገድ ሲሠራው የባይራዳን ስም አልደበቀም፤ የአካባቢውን ጠባሾችም አልካደም። እንዲህ ያለው ታማኝነት ከማንኛውም ወርቅ ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የአሳማ ሥጋ አልበላም። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሃይማኖቴን ሊዝበን ድረስ ይዤ መጥቻለሁ። ግን በየቀኑ አበስለዋለሁ፤ ጨዉን የምትቀምስልኝ ከቤዣ አቅራቢያ ከሚገኝ መንደር የመጣች ባልደረባዬ ናት። በጾም ወራት ደግሞ ከምሳ በፊት አልቀምስም፣ ከዚያም በኋላ ሥጋና ወተት የነካውን አልቀምስም፤ ያኔ ሁሉንም የምትቀምሰው እሷ ናት። የአገሯን ምግብ በምላስ ሳይሆን በማሽተትና በመንካት ስለተማርኩት፣ ቅባቱና ሥጋው የሚሸፍነውን ነገር ቶሎ ማየት የቻልኩ ይመስለኛል። የፖርቱጋል ምግብ አሳማና ዓሣ ነው የሚሉ ሰዎች ከሥሩ ያለውን አላዩም። ከሥሩ ያለው ዳቦ ነው።

አሌንቴዡ ውስጥ አሶርዳ የሚባል ምግብ አለ። ባልደረባዬ ስትሠራው እንዲህ ነው፤ ጥቂት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና ደቀቅ ያላለ ጨው ሙቀጫ ውስጥ ትወቅጣለች። ድንብላል ካጣች ፖኤዡ የሚባለውን የናና ዘመድ ትጠቀማለች። የተወቀጠውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታደርግና የወይራ ዘይት ታፈስበታለች። ከዚያ የፈላ ውኃ። እንቁላል ካለ ውኃው ውስጥ ይበስላል፤ ባካልያው የሚባለው በጨው የደረቀ ዓሣ ቁራጭ ካለም እንዲሁ። በመጨረሻ የደረቀ ዳቦ ቆርሳ ትነክራለች፤ ጊዜ ሳይሰጠው ይበላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፍትፍት በልቶ ላደገ ሰው ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የደረቀው እንጀራ በመረቅ ሲነሳ የሚሆነው ነገር እዚያም ይሆናል። እንቁላሉ ሲቀር ደግሞ የጾም ምግብ ነው፤ በዐቢይ ጾም ስንት ቀን ያቆመኝ ምግብ ነው።

ይህ ምግብ ከየት መጣ? ከረሃብ። አሌንቴዡ የትልልቅ ርስት አገር ነው። መሬቱ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ነበር፤ የቀረው ሕዝብ በወቅት በወቅት የሚቀጠር የቀን ሠራተኛ ነበር። በ1929 መንግሥት የስንዴ ዘመቻ ብሎ ክልሉን የአገሪቱ የዳቦ ጎተራ ሊያደርገው ተነሳ። ስንዴው ተመረተ፤ አጫጁ ግን በአጨዳና በዘር ወቅት መካከል ሥራ ፈት ነበር። የዚያን ወቅት ምግብ የሠሩት የአጫጆቹ ሚስቶች ናቸው፤ ያላቸው ደግሞ የሳምንት ዳቦ፣ ከደጅ የሚለቀም ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዘይት ነበር። ከዚህ ውስጥ አሶርዳን፣ ሚጋሽን፣ የዓሣ ሾርባን፣ ቲማቲም ያለበትንና የሌለበትን የዳቦ ምግብ ሁሉ አወጡ። እኔ ይህንን የምቆጥረው ከፍተኛ ሙያ አድርጌ ነው። በሦስት ነገር የሚጣፍጥ ምግብ ማውጣት በሠላሳ ነገር ከማውጣት ይከብዳል፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይመሰክርልኛል።

አሁን አሶርዳ በሊዝበን ውድ ገበታዎች ላይ ይገኛል። አንዳንዱ ሼፍ የድንብላሉን ቅጠል አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዘይት ጋር ፈጭቶ በጨርቅ ያጠልለዋል፤ አረንጓዴው ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ ሲታይ ያምራል። አንዳንዱ እንቁላሉን በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ያበስላል። በዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ እኔም እሠራዋለሁ። ጥያቄዬ ዳቦው ላይ ነው። የአሌንቴዡ ዳቦ በእርሾ ሊጥ የሚሠራ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅርፊቱ የሚቋቋም፣ ከቀናት በኋላ የሚጣፍጥ ነው። በፈላ ውኃ ውስጥ ሳይበተን ቅርጹን ይይዛል። የፋብሪካ ዳቦ ግን ላሽቆ ይበተናል፤ ያኔ አረንጓዴው ዘይትም ሆነ ዝግ ብሎ የበሰለው እንቁላል አያድነውም። ያንን ዳቦ የሚጋግረው ደግሞ በሌሊት ተነስቶ እንጨት የሚያነድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከፖርቱጋል ክልሎች ሁሉ በመቶኛ ሲሰላ ይበልጥ ነዋሪ የቀነሰበት አሌንቴዡ ነው። ልጆቹ እዚህ ሊዝበን ናቸው፤ ከእኔ ጋር ሰሃን ያጥባሉ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ።

ስለዚህ የየክልሉ ምግብ አንሰራርቷል ሲባል ስሰማ የየትኛው ክልል፣ ማን ዘንድ ብዬ እጠይቃለሁ። ምግቡ ሊዝበን ውስጥ ከብሮ መንደሩ ውስጥ ምድጃው ከቀዘቀዘ ተሰደደ እንጂ አላንሰራራም።

በዚህ ነገር ጥሩ እየሠሩ ያሉ አሉ፤ ስማቸውን መጥራት ይገባኛል። በሊዝበን ፌይቶሪያ በተባለው ምግብ ቤት ስሙን ያስጠራው ሼፍ ዡዋው ሮድሪገሽ ማቴሪያ የሚል ፕሮጀክት አቋቁሞ አገሩን እየዞረ ገበሬውን፣ እረኛውን፣ ዓሣ አስጋሪውን፣ ጨው አምራቹን በስሙና በቦታው መዘገበ፤ መዝገቡንም ለሌሎች ምግብ ቤቶች ክፍት አደረገው። ይህ በእኔ ግምት የወይዘሮ ሞዴስቱ ሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። እሳቸው አሠራሩን መዘገቡ፤ እሱ ደግሞ አሠራሩ ያለ እነሱ የማይቻልባቸውን ሰዎች መዘገበ። በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ብራጋንሳ የዢያዳሽ ወንድማማቾች ወደ ሊዝበን ሳይወርዱ እዚያው በተራራው ከተማ ሆነው በ2018 ኮከብ አግኝተዋል። እንግዳው ወደ እነሱ ይወጣል፤ ቼስትነቱም እንጉዳዩም በአቅራቢያው ይገዛል። ኮከብ ጥቅም አለው ከተባለ ጥቅሙ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው።

ኑኑ ሜንደሽም ትዝ ይለኛል። ሊዝበን ተወልዶ፣ በአሜሪካ ተምሮና ሠርቶ፣ በ2010 ለንደን ላይ ቪያዣንት የተባለ ቤት ከፍቶ ኮከብ አገኘ። ያ ቤት የዓለምን ሁሉ ጣዕም የሚያቀርብ ነበር። ወደ ፖርቱጋል ምግብ በይፋ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 በስፒታልፊልድስ ገበያ ውስጥ ታቤርና ዱ መርካዶን ሲከፍት ነው፤ በ2022 ደግሞ ሊዝቦዬታን ከፈተ። በእሱ ገበታ ላይ የፕሪስኩሽ አባ ጣፋጭ ቀርቧል፤ ብራጋ አጠገብ በምትገኝ ትንሽ አጥቢያ ያገለገሉ አንድ ቄስ በእንቁላል አስኳል፣ በአሳማ ስብና በፖርት ወይን የፈጠሩት ነው። ለንደን ውስጥ ያንን ስም ያለ ማሳጠር መጻፉ ደስ ይለኛል።

ስለ ስም ካነሳን፣ ታሪክ ሲነገርም ታማኝነት ያስፈልጋል። በሰሜኑ ሚራንዴላ አልዬራ የሚባል በጭስ የደረቀ ቋሊማ አለ፤ በዳቦ፣ በዶሮና በነጭ ሽንኩርት ይሞላል። በ1497 በግዳጅ ክርስትና የተነሡ አይሁዶች የአሳማ ቋሊማ የሰቀሉ እንዲመስሉ የፈጠሩት ነው ይባላል። አሳማ እንደማልበላ የሰማ ሁሉ አልዬራ ብይ ይለኛል። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ግን የአሳማ ሥጋ ወይም ስብ የተቀላቀለበት ነው። አስተናጋጅ ያንን የስደት ታሪክ ለእንግዳ እየነገረ አሳማ ያለበትን ቋሊማ ሲያቀርብ ያመኛል። ታሪኩን ካወሩት ምግቡን እንደ ታሪኩ መሥራት ነው፤ ካልሆነ ዝም ማለት።

ባካልያውም እንዲሁ። በጨው የደረቀው ኮድ ዓሣ በፖርቱጋል ባሕር አይገኝም፤ ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥጋ በምትከለክልባቸው ቀናት ወደ ተራራው መንደር ድረስ ሳይበላሽ የሚደርስ ዓሣ ስለነበረ ሕዝቡ ወደደው፤ ጾም ምግብን እንዴት እንደሚያበለጽግ ለእኛ ሰው አይነግረንም። ግን ሌላም ነገር አለ። በ1934 የሳላዛር መንግሥት የባካልያው ዘመቻ ጀምሮ መርከቦቹን ወደ ኒውፋውንድላንድና ግሪንላንድ ላከ። አስጋሪዎቹ ከትልቁ መርከብ ወርደው፣ እያንዳንዱ ለብቻው በትንሽ ጀልባ፣ በእጅ መንጠቆ፣ በጭጋግ ውስጥ ያጠምዱ ነበር። በዚያ መርከብ ተከታታይ ዘመቻ ያገለገለ ከውትድርና ነፃ ይሆናል፤ ድሃው ወጣት ከጦር ሠፈርና ከበረዶ ባሕር አንዱን እንዲመርጥ ነበር የተደረገው። በገና ዋዜማ በየቤቱ የሚቀርበው ዓሣ በዚህ ሥርዓት የተዘረጋ ነው። ዘመናዊ ሼፍ ስለ ወግ ሲናገር ይህንንም ቢናገር እወዳለሁ፤ የወግ ሁሉ ምንጭ የአያት ፍቅር ብቻ አይደለምና።

ዋጋው ላይ የምሰማው ክርክር አለ። የድሃ ምግብ በዚያ ሁሉ ዩሮ መሸጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ዋጋው በራሱ ነውር ነው አልልም። ትልቅ ወጥ ቤት ብዙ ሠራተኛ አለው፤ ደመወዝ አለ፤ የሊዝበን ኪራይ ደግሞ ቱሪስት ከበዛ ወዲህ የሚቀመስ አይደለም። ነውሩ ያለው ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። እንግዳው ለአሶርዳው ከከፈለው ውስጥ ዳቦ ጋጋሪው ጋ የሚደርሰው ከፋብሪካ ዳቦ ዋጋ እምብዛም የማይበልጥ ከሆነ፣ ምናሌው ላይ አሌንቴዡ ተብሎ መጻፉ ብድር ሳይመልሱ በአበዳሪው ስም መነገድ ነው። የፖርቱጋል መንግሥት በ2000 የአገሪቱን ምግብ የባህል ቅርስ ነው ብሎ ዐውጇል። ቅርስ ከሆነ ጠባቂዎቹ ደመወዝ ይገባቸዋል። ለቤተ መንግሥትና ለገዳም ጠባቂ የሚከፈል ከሆነ፣ የሴራ ዳ ኤሽትሬላን አይብ በኮሸሽላ አበባ አርግታ በእጇ ለምታበጀው ሴት የማይከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። በጎቹን የሚከተል ልጅ ከሌላት አይቡ ከእሷ ጋር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሼፍ ወተቱን ከየት ያመጣዋል?

አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወጣት የምግብ ባለሙያዎች ይጽፉልኛል፤ አውሮፓ ውስጥ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል ይላሉ። የትምህርት ቤቶቹን ስም እሰጣለሁ፤ መማር ጥሩ ነው፣ የቢላ አያያዝም የሙቀት አጠባበቅም የሚማሩበት ቦታ ነው። ከስሙ በላይ ግን የአቪሌዝን ቅደም ተከተል እጽፍላቸዋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የምታውቁት አካባቢ ምረጡ፤ ጎጃምም ይሁን ጋሞ፣ ጉራጌም ይሁን ሐረር። የሚያበስሉትን እናቶች ጠይቁ፤ በአክብሮት ተቀመጡ፤ የነገሯችሁን ከነስማቸውና ከነቀበሌያቸው ጻፉ። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ጾም እንደሚሠራ አትለፉ። አንዷ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ሰብስባ የላከችልኝን ሳነብ የወይዘሮ ሞዴስቱን ደብዳቤ ጸሐፊዎች ያገኘሁ መሰለኝ፤ አንዲት እናት ስለ ሽሮ አቆላል የነገሯት ብቻ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

እኛ ወጥ ቤት ውስጥ የጀመርነው ነገር ትንሽ ነው። ባልደረባዬ ከምታውቃቸው የመንደሯ ጋጋሪ ዳቦ በሳምንት ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ይመጣልናል። መጀመሪያ ባለቤታችን ዋጋው ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል ብለው አልተስማሙም ነበር። እኔና እሷ ሒሳቡን ሠርተን አቀረብን፤ ደርቆ የሚጣል ዳቦ ስለሌለ፣ የተረፈው ሁሉ አሶርዳና ሚጋሽ ስለሚሆን ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልሆነ አሳየናቸው፤ ተስማሙ። ምናሌው ላይ የመንደሩ ስም ተጽፏል። አሁን የምንጠይቀው ለጋጋሪው የወሩ ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጣቸውና የሚያግዛቸው ወጣት መቅጠር እንዲችሉ ነው። ባለቤታችን እስከ ትንሣኤ አስቤ እመልሳለሁ ብለዋል። ከእሳቸው መልስ በኋላ የሽምብራውን ጉዳይ እናነሳለን፤ የምንገዛው ከውጭ የመጣ ነው፤ ከኤቮራ ከተማ ወጣ ብሎ ደግሞ የሚያመርት ሰው አለ።